ቡርኪና ፋሶ 21 ነጥብ ይዛ እንዴት ወደቀች?

ለ2026 የዓለም ዋንጫ የተሳታፊዎች ቁጥር ከ32 ወደ 48 ሲያድግ አፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ አገኘች። ማጣሪያውም 9 ምድብ ሆነ። አንደኛ የወጣ በቀጥታ ያልፋል። ከሁለተኞቹ ደግሞ ምርጥ 4ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። ኢትዮጵያ በነበረችበት ምድብ ሀ ቡርኪና ፋሶ በ21 ነጥብ ሁለተኛ ሆነች። ናይጄሪያ በራሷ ምድብ ያገኘችው 17 ብቻ ነው። ግን ወደ ጥሎ ማለፉ ያለፈችው ናይጄሪያ ናት። ምን ጉድ ነው?

ነገሩ የመጣው ከኤርትራ ነው። ኤርትራ ማጣሪያው ሳይጀመር ራሷን ስላገለለች ምድብ ሠ አምስት ቡድን ብቻ ቀረው። የዚያ ምድብ ሁለተኛ ከሌሎቹ ሁለት ጨዋታ ያነሰ ስለሚጫወት ፉክክሩ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኞቹን ለማወዳደር ሲባል በሌሎቹ ምድቦች መጨረሻ (ስድስተኛ) ከወጣው ቡድን ጋር የተደረጉ ጨዋታዎች ከስሌቱ ወጡ።

ቡርኪና ፋሶ መጨረሻ የወጣችውን ጅቡቲን ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፣ አንዱን እንዲያውም 6 ለ 0። ስድስቱም ነጥብ ከነጎሉ ሄደ፤ 15 ቀራት። ናይጄሪያ ግን ከግርጌዋ ዚምባብዌ ጋር ሁለቴ አቻ ስለወጣች የተቀነሰባት 2 ነጥብ ብቻ ነው። እሷም 15! በጎል ክፍያ በልጣ ገባች። ደካማውን ቡድን አለማሸነፍ ጠቀማት ማለት ይቻላል። ለእኔ ይሄ ፍትሃዊ አይመስለኝም፤ ግን ለሁሉም የሠራ ሕግ ነው።

ናይጄሪያም ብትሆን በጥሎ ማለፉ ራባት (ሞሮኮ) ላይ በፍጹም ቅጣት ምት በዴሞክራቲክ ኮንጎ ተሸንፋ ቀረች።