ስለ «ሻዳ» የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ሻዳ» ዳግላስ አዳምስ ለብሪታንያው የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ «ዶክተር ሁ» የጻፈው ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ነው። የ17ኛው ምዕራፍ መዝጊያ ሆኖ በጃንዋሪ 1980 በቢቢሲ መተላለፍ ሊጀምር ታቅዶ ነበር፤ ሆኖም አልተላለፈም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጊዜው ተመልካች ስላላየው ብዙ ይወራበታል፤ ከሚወራው ውስጥ ደግሞ ሥራውን የሚበድል አለ።

«ቢቢሲ ካሴቱን አጥፍቶታል» የሚለው ከሁሉ ይበዛል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቢቢሲ የ1960ዎቹን በርካታ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ደምስሷልና። «ሻዳ» ግን ከእነዚያ አንዱ አይደለም። የጠፋ ሳይሆን ሳይጠናቀቅ የቀረ ሥራ ነው።

«ጭራሽ አልተቀረጸም» የሚሉም ተሳስተዋል። በኦክቶበር 1979 ዳይሬክተሩ ፔናንት ሮበርትስ በካምብሪጅ ከተማ የውጭ ትዕይንቶቹን ቀርጾ ጨርሷል፤ ከታቀዱት ሦስት የስቱዲዮ ቀረጻዎች የመጀመሪያውም ተከናውኗል። በስቱዲዮ ውስጥ የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በተሠራው መድረክ መሠረት ስለነበር፣ የተረፈው ምስል እኩል የተከፋፈለ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሞላ ያሉ ናቸው፤ ወደ መጨረሻው ሲደረስ ይሳሳል። ታሪኩ ስሙን ያገኘበት ሻዳ የተባለው እስር ቤት እንኳን አልተቀረጸም።

«አድማው ገደለው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። የቢቢሲ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሁለተኛውን የስቱዲዮ ቀረጻ አስቀርቷል። አድማው ሲያበቃ ግን ስቱዲዮዎቹ ቅድሚያ ለገና ፕሮግራሞች ተሰጡና «ሻዳ» ቦታ አጣ። አዲሱ ፕሮዲዩሰር ጆን ኔተን ተርነር ሥራውን ለማስቀጠል ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በ1980 አጋማሽ በይፋ ተሰረዘ። እንግዲህ ያስቀረው አድማው ብቻ ሳይሆን፣ ከአድማው በኋላ ማን ይቅደም ተብሎ የተወሰነው ውሳኔም ነው። ተዋንያኑ ዝግጁ ነበሩ፤ የድርሰቱም ጥራት የስረዛው ምክንያት አልነበረም።

ከዚህ በተቃራኒ «የአዳምስ ታላቅ ድርሰት ነበር» ብለው የሚያገንኑት አሉ። ደራሲው ራሱ እንዲህ አላሰበም። መጀመሪያ መጻፍ የፈለገው የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ዶክተሩ ሥራውን ስለሚተውበት ሌላ ታሪክ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ፕሮዲዩሰር ግሬም ዊሊያምስ አልተቀበለውም። «ሻዳ»ን በጥድፊያ ጻፈው፤ በኋላም ብዙ አልወደደውም። በእኔ ግምት ግን ለራሱ ጨክኗል። ካምብሪጅ ውስጥ መጻሕፍቱን ከብቦ ሻይ የሚያፈላው አዛውንቱ ፕሮፌሰር ክሮኖቲስ ብቻውን ታሪኩን ሊሸከም ይችላል።

አዳምስ ክሮኖቲስን በ1987 ባሳተመው የዲርክ ጄንትሊ ልብወለድ ውስጥ መልሶ አምጥቶታል። ይህ ግን ያን መጽሐፍ «የሻዳ የልብወለድ ቅጂ» አያደርገውም፤ ታሪኩ ሌላ ነው። «ሻዳ» በእርግጥ ወደ ልብወለድ የተለወጠው በ2012፣ ደራሲው ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጋሬዝ ሮበርትስ ብዕር ነው።

ዶክተሩን የተጫወተው ቶም ቤከርና የጉዞ ጓደኛውን የተጫወተችው ላላ ዋርድ በጀልባ ሲንሸራሸሩ የሚታዩበት ትዕይንትም ለ1983ቱ የ«ዶክተር ሁ» ልዩ ዝግጅት «አምስቱ ዶክተሮች» የተቀረጸ የሚመስለው ብዙ ነው። ቤከር በዚያ ልዩ ዝግጅት አልተሳተፈም፤ ምስሉ የተወሰደው ከ«ሻዳ» ነው።

በመጨረሻ፣ በ2017 ተሟልቶ ስለወጣው ቅጂ «በ1980 ሊታይ የነበረው ይኸው ነው» ይባላል። አይደለም። ያልተቀረጹት ክፍሎች በአኒሜሽን ተሞልተዋል፤ ተዋንያኑም በስተርጅና ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ክሮኖቲስን የተጫወተው ዴኒስ ኬሪ በ1986 በመሞቱ ይህን ማድረግ አልቻለም። ሙዚቃውን የደረሰው ማርክ ኤይረስ ሲሆን፣ የዘመኑን የድራማውን አቀናባሪ የደድሊ ሲምፕሰንን ስልት ተከትሏል። የ1992ቱ ቪዲዮ ክፍተቶቹን በቤከር ትረካ ያገናኛል፤ በ2003 በድምፅ የተሠራው ደግሞ ዶክተሩን የሚጫወተውን ተዋናይ ራሱን ለውጦ ፖል ማክጋንን አምጥቷል። ሁሉም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለጀማሪ የ2017ቱን እመክራለሁ፤ የ1979ኙ ቀረጻ ምን ያህል እንደሄደና የት እንደቆመ በግልጽ ማየት ለሚፈልግ ግን የ1992ቱ ይሻላል።