መብራት በጠፋበት ማታ ስለ ኮከብ የተሳሳትነው

ጥር ላይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። የስልካችንም ባትሪ አልቋል። በርጩማ ይዘን ግቢ ወጣን። ሰማዩ በኮከብ ጢም ብሏል። ወሬው ከመብራት ኃይል ወደ ኮከብ ዞረ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። በኋላ ሳጣራው አብዛኛው ስህተት ነው። የኔም አለበት።

«ቀዩ ኮከብ ከሁሉም ይግላል»

ይህን ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ያሳዩን አናታችን ላይ ያለውን ቀላ ያለ ኮከብ ነው። ቤቴልጁስ ይባላል፤ ኦሪዮን የሚባለው፣ አዳኝ ሰው የሚመስለው የከዋክብት ስብስብ አንዱ ትከሻ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ቀይ ሲባል ፍም ነው ትዝ የሚለን። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ቆሞ ያየ ግን ያውቃል። ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ወናፉ ሲበረታበት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል። ቀዩ ገና ጅምሩ ነው።

ኮከብም እንደዚያው ነው። የቤቴልጁስ ገጽ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የፀሐይ 5,500 ይደርሳል። በኦሪዮን እግር በኩል ያለው ሰማያዊ ነጭ ኮከብ፣ ራይጀል፣ ወደ 12,000 ይጠጋል። «ታዲያ ቤቴልጁስ ቀዝቃዛ ከሆነ እንዴት እንዲህ ይደምቃል?» ካላችሁ፣ ስለገዘፈ ነው። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርንም ማርስንም ይውጣል።

ከዋክብት የሚመደቡትም በዚሁ ሙቀት ነው። ምድቦቹ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ አይደል? መጀመሪያማ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ በወጉ ነበር የተደረደሩት፤ መለኪያው ብርሃናቸው እንደ ቀስተ ደመና ሲበተን በውስጡ የሚታየው፣ ሃይድሮጅን የሚተወው መስመር ጥንካሬ ነበር። በአሜሪካው ሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ትሠራ የነበረችው አኒ ጃምፕ ካነን እ.ኤ.አ. በ1901 ገሚሱን ፊደል ጥላ የቀረውን ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ አሰለፈችው። በዕድሜዋ 350,000 ገደማ ኮከብ መድባለች። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በዓይኗ። ራይጀል ቢ ነው፣ ፀሐይ ጂ፣ ቤቴልጁስ ኤም።

«ፀሐይ የምትነድ እሳት ናት»

የእህቴ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። «ጠፈር ላይ ኦክስጅን ከሌለ በምን ትነዳለች?» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። እውነቱን ነው፤ አትነድም። የከሰል ክምር ብትሆን በጥቂት ሺህ ዓመታት አመድ ትሆን ነበር። እሷ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል። መሃሏ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች፣ ማለትም የአቶሞቹ እምብርቶች፣ እየተዋሃዱ ሂሊየም ይሆናሉ። በዚህ ሂደት በየሴኮንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ ወደ ኃይል ይለወጣል።

ኮከብ በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆኑን ያገኘችው የከዋክብት ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1925። የዚያን ጊዜ ሊቃውንት ፀሐይ ከምድር ጋር ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አላት ብለው ያምኑ ነበር። ታዋቂው የከዋክብት ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል አይሆንም አላት። እሷም ውጤቷ «እውነት ላይሆን ይችላል» የሚል ነገር ጽሑፏ ውስጥ ለመጨመር ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ። እኔ ብሆን ይህን ቂም አልረሳም ነበር።

«ትልቅ ኮከብ ረጅም ዕድሜ ይኖራል»

ይቺ የኔ ናት። ነዳጁ የበዛ ብዙ ይቆያል ብዬ ነበር። ትልቅ ኮከብ ግን ነዳጅ እንደሚጠጣ መኪና ነው፤ ታንከሩ ቢሰፋም ቶሎ ያልቅበታል። የፀሐይ ሙሉ ዕድሜ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእሷ 20 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ 10 ሚሊዮን ገደማ ኖሮ ያበቃለታል። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ትንሹ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ትሪሊዮኖች ዓመታት ይቀሩታል።

ሁሉም ኮከብ ጥንታዊ ነው ማለትም ስህተት ነው። ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። እነሱ ሳይወለዱ ዳይኖሰሮች ምድር ላይ ይርመሰመሱ ነበር።

«ፀሐይ ፈንድታ ብላክ ሆል ትሆናለች»

አትሆንም፤ ብላክ ሆል፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር፣ ለመሆን ክብደቷ አይበቃም። ለመፈንዳት ብቻ እንኳ ቢያንስ 8 እጥፍ ያህል መክበድ ነበረባት። ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ታብጣለች፣ ትቀላለች፣ ልብሷን እንደምታወልቅ የውጭ ጋዟን ትበትናለች። የሚቀረው ምድርን የሚያህል፣ ነጭ ድንክ የሚባል የኮከብ ቅሪት ነው፤ እሱም ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

ስማቸው ያሳሳተንም አሉ። አጥቢያ ኮከብ ቬነስ ናት፤ ፕላኔት እንጂ ኮከብ አይደለችም። ተወርዋሪ ኮከብም አብዛኛውን ጊዜ አየር ውስጥ ሲገባ የሚጋይ፣ አሸዋ የሚያህል ብናኝ ነው።

«የምናያቸው ኮከቦች ድሮ ሞተዋል»

ጋሼ በመጨረሻ ያመጧት ናት። ደስ ትላለች፤ ግን አታስኬድም። በዓይናችን የምናያቸው አብዛኞቹ ብርሃናቸው እኛ ዘንድ ለመድረስ ጥቂት ሺህ ዓመት እንኳ አይፈጅበትም። ዕድሜያቸው ደግሞ በሚሊዮንና በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው። ለሞት ከተቃረቡት አንዱ ያው ቤቴልጁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ድንገት ሲደበዝዝ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። ለካ ራሱ የተፋው አቧራ ነው የጋረደው።

ይህን እየተከራከርን መብራት መጣ። የግቢው አምፖል ሲበራ ሰማዩ ላይ የቀሩት ሦስት አራት ኮከቦች ናቸው። ቀዩ አንዱ ነበር።