«አት ዊል» ቅጥር ምንድን ነው? ተናግሮ እንጀራ የማጣት ሕግ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 መገባደጃ ላይ (ከኢትዮጵያ አዋጅ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጁሊ ብሪስክማን የምትባል ሴት በቨርጂኒያ ግዛት ብስክሌት እየነዳች ሳለ፣ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አጀብ ከጎልፍ ሜዳቸው ወጥቶ በአጠገቧ አለፈ። ብሪስክማን ፕሬዚዳንቱን አትወዳቸውም። እጇን ዘርግታ የመሃል ጣቷን አሳየቻቸው። አጀቡን የሚከተል የዜና ወኪል ፎቶ አንሺ ከኋላዋ ነበርና ቀረጻት። ፊቷ አይታይም፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅም አልነበረም። ፎቶው ዓለምን ሲያዳርስ ግን ደስ ብሏት የፌስቡክና የትዊተር መለያ ምስሏ አደረገችው፤ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ብላም ለመሥሪያ ቤቷ የሰው ኃይል አስተዳደር ራሷ ነገረች። ብዙም ሳይቆይ ተጠርታ ተሰናበተች።

መሥሪያ ቤቷ ከፌደራል መንግሥት ሥራ እየተዋዋለ የሚኖር የግል ኩባንያ ነው። ምልክቱን ያሳየችው በዕረፍት ቀኗ፣ በራሷ ብስክሌት ላይ ሆና ነው። ገጿ ላይ የኩባንያው ስም አልተጻፈም። እርሷ እንደምትለው ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዋ የኩባንያው ስም በሚታይበት ገጽ ላይ ጸያፍ ስድብ ጽፎ፣ እንዲያጠፋው ከመነገሩ በቀር ምንም አልደረሰበትም። ክስ መሠረተች። በ2018 የፌርፋክስ አውራጃ ዳኛ ያለአግባብ ተባርሬያለሁ የሚለውን ክሷን ውድቅ አድርገው የስንብት ክፍያውን ክርክር ብቻ እንዲቀጥል ፈቀዱ። በሚቀጥለው ዓመት ለላውደን አውራጃ ምክር ቤት ተወዳድራ አሸነፈች፤ የተመረጠችበት ወረዳ የትራምፕን ጎልፍ ሜዳ የሚያቅፈው ነው። ሥራዋን ያስመለሰላት ፍርድ ቤት ግን የለም።

ይህን የሰማ ሰው «አሜሪካ የመናገር ነጻነት አገር አይደለችም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነች። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ግን የሚጀምረው ኮንግረስ እንዲህ ያለ ሕግ አያወጣም ብሎ ነው። እጁን የሚይዘው መንግሥትን ነው። ብሪስክማንን ፖሊስ አልያዛትም፣ ዐቃቤ ሕግ አልከሰሳትም፤ ይህ ነጻነቷ አንድ ፀጉር አልተነካም። የተነካው እንጀራዋ ነው፤ እንጀራዋን የሚገዛው ሕግ ሌላ ነው። «አት ዊል» የሚባለው ይህ ነው።

በአት ዊል የተቀጠረ ሰው የጊዜ ገደብ ያለው ውል የለውም። አሠሪው በማንኛውም ጊዜ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ምክንያት ሳይናገር ሊያሰናብተው ይችላል። ሠራተኛውም እንዲሁ ዛሬ ተነስቶ ሊሄድ ይችላል። በወረቀት ላይ ሚዛኑ እኩል ነው። ኩባንያው በሠራተኛው ፋንታ ሌላ ለመቅጠር ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሠራተኛው የሚያወጣው የቤት ኪራይ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች ከሞንታና በስተቀር በሁሉም መነሻው ደንብ ይኸው ነው፤ ሞንታና በ1987 ባወጣችው ሕግ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረር ደንግጋለች።

የአስተሳሰቡን ባሕርይ ለመረዳት በ1884 በቴነሲ ግዛት የተወሰነ አንድ ጉዳይ ይበቃል። ከሳሹ ፔይን የሚባል ባለሱቅ ነበር። የባቡር ኩባንያ ለሠራተኞቹ «ከዚህ ሰው ሱቅ ዕቃ የገዛ ይባረራል» የሚል ትእዛዝ አወጣ፤ ገበያው ደረቀ፤ ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠሪ ሠራተኛውን በመልካም ምክንያት፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ወይም በግብረ ገብ ነውር በሆነ ምክንያት ጭምር ማሰናበት ይችላል ብሎ ፈረደለት፤ ለኩባንያው። ነውር መሆኑ አልጠፋቸውም። ነውር መሆኑ ለውጥ አያመጣም ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ብዙ ተሸርሽሯል። በ1935 የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሠራተኞች ስለ ደሞዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው እርስ በርስ መነጋገራቸውን ይጠብቃል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ አገር ምክንያት ማባረርን ከልክሏል። ዝርዝሩን ደግሞ ያንብቡት። የፖለቲካ አመለካከት የለበትም።

የእኛ አገር ሕግ እዚህ ላይ ይለያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆኑም ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል የሠራተኛው የፖለቲካ አመለካከት በስሙ ተጠርቷል። በተግባር ማን ምን ያህል ተጠቅሞበታል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ሄዶ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሥራ የያዘ ሰው «የተባረርኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ» ሲል ያገሩን ሕግ ይዞ እየተከራከረ መሆኑን ማወቅ አለበት። እዚያ አብዛኛው አሠሪ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ታዲያ የሕዝብ ቁጣ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ቁጣ ብቻውን ማንንም ከሥራ አያስወጣም። አንድ ሺህ ሰው ስልክ ደውሎ «ይህችን ሴት አባርሯት» ቢል፣ የአሠሪው ስሌት የሚሆነው ማባረር ምን ያስከፍለኛል፣ ማቆየትስ ምን ያስከፍለኛል ነው። በአት ዊል ማባረር ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ ጉዳዩ እውነት ይሁን ውሸት፣ ሰውየው ያለውን በእርግጥ ብሎት ይሁን አይሁን ሳይጣራ ከሰዓት በኋላ ስንብቱ ይወጣል። ሰዎች ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ መንጋ ብዙ ያማርራሉ፤ እኔ ግን መንጋው በሩን የሚያገኘው ክፍት ስለሆነ ነው ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ከፌስቡክ በፊት የነበረ ለመሆኑ የያዙ ሲቲን ታሪክ ማየት ነው። ያዙ ሲቲ በሚሲሲፒ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ በ1955 የበጋ ወራት 53 ጥቁር ነዋሪዎች ውሳኔው በከተማቸው ይፈጸም ብለው አቤቱታ ፈረሙ። የነጮች የዜጎች ምክር ቤት የሚባለው ማኅበር በከተማው ጋዜጣ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ገዝቶ የፈራሚዎቹን ስም ከነአድራሻቸው አሳተመ። ሌላ ምንም አላለም፤ ማለትም አላስፈለገውም። ተቀጣሪ የነበሩት ከሥራ ተባረሩ። ባለሙያ የነበሩት ደንበኛ አጡ። ነጋዴዎቹን አከፋፋዮች ዕቃ ከለከሏቸው። አንድ በአንድ እየሄዱ ስማቸውን ከአቤቱታው አስፋቁ፤ ጥቂት ሳይቆይ ከ53ቱ ሁሉም ለማለት ይቻላል ወጥተው ነበር። ስሙን ያስፋቀ ሁሉ ሥራው ተመለሰለት ማለት ግን አይደለም።

በዚህ ውስጥ መንግሥት የለበትም። ጋዜጣው የግል፣ ማኅበሩ የግል፣ አሠሪዎቹ የግል። በሕገ መንግሥቱ ዓይን የማንም የመናገር ነጻነት አልተጣሰም፤ የ53ቱ ሰዎች አንደበት ግን ተዘግቷል።

መንግሥት ራሱ አሠሪ ሲሆን ሕጉ ይቀየራል፤ የተቀየረው ግን ዘግይቶ ነው። በ1892 ስለ ፖለቲካ በመናገሩ የተባረረ የማሳቹሴትስ ፖሊስ ሲከስ ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ የመለሱለት መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ስለ ፖለቲካ የመናገር ሕገ መንግሥታዊ መብት ሊኖረው ይችላል፤ ፖሊስ የመሆን ሕገ መንግሥታዊ መብት ግን የለውም። በ1956 ሳውዝ ካሮላይና የመንግሥት ሠራተኞች የጥቁሮች መብት ድርጅት አባል እንዳይሆኑ ስትከለክል፣ ለ40 ዓመታት ያስተማረችው ሴፕቲማ ክላርክ አባልነቴን አልክድም ብላ ሥራዋንም ጡረታዋንም ያጣችው በዚህ አስተሳሰብ ነው።

በ1968 ነገሩ ተገለበጠ። ማርቪን ፒክሪንግ የሚባል የኢሊኖይ መምህር የትምህርት ቦርዱ ገንዘቡን ለስፖርት ያባክናል ብሎ ለጋዜጣ በመጻፉ ተባሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ብዕር፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሕዝብ ጉዳይ በሆነ ነገር ላይ እንደ ዜጋ ሲናገር ጥበቃ አለው፤ ንግግሩ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ከሚያውክበት መጠን ጋር ይመዘን ብሎ ወሰነ።

ሚዛኑ ምን ያህል እንደሚሸከም የታየው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን በጥይት ቆሰሉ። በቴክሳስ የሃሪስ አውራጃ የጸጥታ ሹም ቢሮ ውስጥ መረጃ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ አርዲዝ ማክፈርሰን የምትባል የ19 ዓመት ወጣት ዜናውን በሬዲዮ ሰማች። ወሬ የያዘችው በዚያው ከሚሠራው ወንድ ጓደኛዋ ጋር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ለድሆች የሚሰጠውን ሕክምናና የምግብ ድጎማ እየቆረጡ ነው አለች፤ አስከትላም ሁለተኛ ከሞከሩባቸው እንዳይስቷቸው የሚል ምኞቷን ተናገረች። ሌላ ባልደረባ ሰምቶ ለሹሙ አደረሰው። ሹሙ ጠርተው ጠየቋት፤ አዎ ብያለሁ አለች፤ ባረሯት። በ1987 ጉዳዩ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ በ5 ለ 4 ድምፅ ረታች። መሣሪያ የማትይዝ፣ የደንብ ልብስ የማትለብስ፣ ከባለጉዳይ የማትገናኝ ጸሐፊ በግል ወሬ ያለችው የቢሮውን ሥራ አላወከም ተባለ። የሚያስከፋ ንግግር ነው፤ እኔንም ያስከፋኛል። ያስረታት የንግግሩ ጨዋነት ሳይሆን ደሞዟን የሚከፍለው አውራጃ መሆኑ ነው። ያንኑ ቃል በጎዳናው ማዶ ባለ የግል ባንክ ውስጥ ብትናገረው ኖሮ ፍርድ ቤት የሚያደርሳት ነገር አልነበረም።

ለዚህም ነው በመስከረም 2025 ቻርሊ ከርክ የሚባለው ወግ አጥባቂ የፖለቲካ አቀንቃኝ ከተገደለ በኋላ ስለ ሟቹ ክፉ ጽፋችኋል ተብለው በየቦታው ከተባረሩት መካከል የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ፒክሪንግንና ማክፈርሰንን ጠቅሰው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ፣ የግል ተቀጣሪዎች አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ የሄዱት። ያ ወቅት አንድ ሌላ ጥያቄም ቀስቅሷል፦ ባለሥልጣን የግል አሠሪን «አባርር» ብሎ ቢያስፈራራስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በአንድ የኒው ዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ እንዳለው፣ መንግሥት ራሱ ሊቀጣው የማይችለውን ንግግር በሌላ ሰው እጅ ማስቀጣት አይችልም። ማስፈራራቱን ማረጋገጥ ግን የከሳሹ ዕዳ ነው። የብሪስክማን ክርክርም በአንድ በኩል ይህን ይመስል ነበር፤ ኩባንያው የመንግሥት ውል እንዳያጣ ፈርቶ ነው ያባረረኝ ብላለች። ማንም ሳያስፈራራው በራሱ የፈራ አሠሪን የሚከለክል ሕግ ግን አልተገኘም።

ግዛቶች በየራሳቸው የተከሏቸው አጥሮች አሉ። ካሊፎርኒያ አሠሪ የሠራተኛውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዳይቆጣጠር ትከለክላለች። ኮነቲከት የሕገ መንግሥቱን የመናገር ጥበቃ በተወሰነ መልኩ ለግል ተቀጣሪም አውርዳለች። ኒው ዮርክ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚደረግ የምርጫ ቅስቀሳን እንጂ ማንኛውንም አስተያየት አትጠብቅም። ዋሽንግተን ዲሲ ሰውን በፖለቲካ ፓርቲ አባልነቱ ወይም ደጋፊነቱ ማባረርን ከልክላለች፤ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ አይደርስለትም። እዚያ አካባቢ ያለው ወገናችን በአንድ ባቡር መስመር ላይ ኖሮ በሦስት ሕግ፣ በዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ የሚተዳደር መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

በሥራ ቪዛ ለሚኖር ሰው ዋጋው ከሁሉም ይብሳል። ኤች ዋን ቢ የተባለውን ቪዛ የያዘ ሠራተኛ ከተባረረ ሌላ አሠሪ የሚያገኝበት ወይም አገር የሚለቅበት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ የቤተሰቡ የጤና መድኅንም በአብዛኛው ከሥራው ጋር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ በስሙ ሲጽፍና ዜግነት ያለው ጎረቤቱ ሲጽፍ የሚከፍሉት አንድ አይደለም።

ፊርማ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ከሚሰጠው የወረቀት ክምር መካከል ቅጥሩ አት ዊል መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገርና የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ አይጠፋም፤ ሁሉም ሳያነብ ይፈርማል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ አሠሪው የስንብት ክፍያ ካቀረበ፣ ሰነዱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ክስ ላለመመሥረትና ስለ ኩባንያው ክፉ ላለመናገር የሚስማማበት አንቀጽ ይኖራል። ገንዘቡን ለመቀበል የሚያንገበግብ ሰዓት ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያው ይፈርማል። ሠራተኛው 40 ዓመት ከሞላውና በሰነዱ የዕድሜ መድልዎ ክሱን የሚተው ከሆነ፣ የፌደራል ሕጉ ለብቻው ለተሰናበተ ሰው ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ፣ ከፈረመም በኋላ 7 ቀን መሰረዣ ይሰጠዋል። ከዚያ ዕድሜ በታች ያለው ሰው ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ መጠየቅና ወረቀቱን ለጠበቃ ማሳየት ይችላል፤ የሚጠበቅለት የፌደራል ቀን ግን የለም።