የወሎ ውርጭ የእግር ጉዞ፦ ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ

በላስታ፣ በመቄት፣ በዋድላና በደላንታ የእግር መንገድ ከመኪና መንገድ ይቀድማል። ገበሬው ገበያ የሚወጣበት፣ ተሳላሚው ለንግሥ የሚሄድበት መንገድ ዛሬ ለቀናት የሚዘልቅ የጎብኚ መስመር ሆኗል። ከመስመሮቹ ከፍ ያለው ከላሊበላ ተነስቶ በአሸተን ማርያምና ሁዳድ በተባለው አምባ በኩል አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚወጣው ነው። የተራራውን ጫፍ አንዳንዱ ካርታ 4,260 ሜትር ሲለው፣ ሌላው ወደ 4,300 ያስጠጋዋል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መንገደኛው ቢያንስ 1,700 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በደቡብ ወሎም በቦረና ሳይንት ፓርክ ተመሳሳይ ውርጭ፣ ማለትም ከደጋ በላይ ያለ ብርዳም ከፍታ፣ አለ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ጠንካራ ሰውም ይታመማል። 4,200 ሜትር ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ደንቡ ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሁዳድ አካባቢ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ከጫፉ በታች ማደር ይገባል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እዚያው ማረፍ ነው፤ ካልለቀቀ መውረድ። ሰውየው ቀጥ ብሎ መራመድ አቅቶት ከተንገዳገደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው በትኩስ ሻይ አባብሎ ማሳደር አደገኛ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው አቀበት እስከ አሸተን ማርያም ነው፤ ለደህና ተራማጅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቤተ ክርስቲያኑን ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሮ ነአኩቶ ለአብ እንዳስፈጸመው ይነገራል። ከዚያ በላይ ወይራውና ጥዱ እየሳሳ ይሄድና የገብስ ማሳ ይከተላል፤ ከገብሱ በላይ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት በቅጠሉ ብቻ ቆይቶ አንድ ጊዜ ዘንጉን አውጥቶ ያብባል፤ ዘሩን ሰጥቶም ይደርቃል። ስለዚህ ደርቆ የቆመውን ዘንግ ለማገዶ ከመስበር በፊት ዘሩ መርገፉን ማየት ያሻል።

በየ100 ሜትሩ ከ0.6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከተማው ውስጥ 20 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 9 ገደማ ነው፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሰማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል። አመዳዩ አፈሩን በቀጫጭን የበረዶ ችካሎች ወደ ላይ ያነሳዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ላዩ ሁለት ጣት ያህል ይላቁጥና ሥሩ እንደ ድንጋይ ጠጣር ይቀራል፤ መንገደኛ የሚንሸራተተውም ያኔ ነው። የጫማው ሶል ጥርስ ያለው ይሁን፤ ከዘራም አይቅር። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው አቀበቱን መሬቱ ሳይላቁጥ ይወጣዋል። በበልግና በክረምት ማለዳ መነሳቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ስለሚመጣ ከተረተሩ ቀድሞ መውረድ ያስችላል።

ጓሳው ሜዳ ላይ የሚጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው። የሣሩ ጉቶ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሲረግጡት ይገለበጣል፤ በጉቶዎቹ መካከል ደግሞ የአይጥ ጉድጓድ አለ። የበጎችን ዱካ መከተል ይሻላል፤ ቢያዞርም ቁልቁለቱን አግድም ይዞ ስለሚሄድ አያደክምም። ጭጋግ ሲወርድ የገደሉ አፋፍ ከሜዳው አይለይም፤ ያን ጊዜ መቀመጥና እስኪገልጥ መጠበቅ ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው ለቀን ሦስት ሊትር ይያዝ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለመጠጥ ይበቃል፣ ባቄላና አተር ግን በቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ንፍሮ የሚያስብ ጥሬውን ከማታው ይዘፍዝፍ። ለመንገድ ከበሶና ከቆሎ የሚበልጥ የለም። አህያ ላይ 30 ኪሎ ገደማ ይጫናል፤ ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ጭነቱ አቀበቱ ላይ ይዞርና መጫኛው ጀርባዋን ይልጣል።

ይህ አገር በእግር ሲታለፍ የኖረ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ፍልፍሎች እንደሚቀድም ይታመናል። በሰፊው ተመዝግቦ የቆየው ግን የ1860 ዓ.ም. ጉዞ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነስተው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱ መንገድ አወጡ፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጭምር ያነሱ ነበር። በዋድላ አልፈው፣ የጅጣን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። 44 ዝሆኖች አስከትሎ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር በላስታ በኩል ዋድላ ሲደርስ ጅጣን የወረደው እሳቸው ባሠሩት መንገድ ነው። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን ወደቀች። የጅጣን አቀበት የወጣ መንገደኛ ያ ሥራ ምን ያህል ታላቅ እንደነበር በጉልበቱ ይረዳዋል።

ጎብኚን በየመንደሩ በጎጆ የማሳደሩ ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቄት ተጀምሮ ወደ ላስታ ተስፋፋ። ጎጆው የማኅበረሰቡ ነው፤ መሪው፣ አህያ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ከዚያው መንደር ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰው ጦርነት እንግዳውን አስቀርቶ ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። ዛሬም ለመነሳት ያሰበ ሰው የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ማለዳ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። እዚህ ውርጭ ላይ አይጥ እያደነ ይኖራል። እየጨረሰው ያለው ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ ማንም ውሻ አስከትሎ አይውጣ። የእረኞች ውሾች ግን አሉ፤ ወደ ጎጆ ሲቀርቡ ከሩቅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራትና ባለቤቱ ውሻውን እስኪይዝ መጠበቅ ነው።