«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»፦ ለማን ተባለ?

ሰሞኑን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለመዝናናት ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። በረኛው ጎል ሲገባበት አለቃው በሰው ፊት «አንተ እንኳን ኳስ፣ ፋይልም አትይዝ!» አለው። ልጁ ፊቱ ልውጥ አለ። አለቃው ሳቅ ብሎ፣ «ምነው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎት ሄደ። ስድቡስ ስድብ ነው። እኔን የከነከነኝ ተረቱን ገልብጦ መጠቀሙ ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ይከፈታል። እኛ ልጆች የነቢያት ጾም ሳይፈታ ገና ፍለጋ ጫካ እንወርድ ነበር። ገና ስንል ጫፉ ቆልመም ያለውን ዱላ ማለታችን ነው። ከተፈጥሮው የቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ ያገኘ ልጅ ታድሏል። ያላገኘ እርጥቡን እንጨት እሳት ላይ ለብለብ ያደርግና ጎንበስ አድርጎ በልጥ ያስረዋል። ከዚያ እስኪደርቅ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ቤቱ ሁሉ የወይራ ጭስ ይሸት ነበር።

ታላላቆቻችን ሲያለማምዱን መለጋትን አያስቀድሙም። መጀመሪያ ጥንጓን፣ ኳሷን ማለቴ ነው፣ መሬት ለመሬት እየገፉ መሮጥ ነው። ቀጥሎ ከሌላው ዱላ ሥር መንጠቅ። መለጋት የመጨረሻው ነው። ዱላውን ከትከሻው በላይ ያነሣ ከሜዳ ይወጣል፤ ጥርስ ያወልቃላ!

ቡድን ሲመደብ በጉልበት የሚተካከሉ ሁለት ሁለት ልጆች ጥግ ይዘው የምሥጢር ስም ያወጣሉ። ከዚያ መጥተው የቡድን አባቱን «አንበሳ ወይስ ነብር?» ይሉታል። እሱም ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። አድልዎ የለም። ጎልፍ ተጫዋቾች ጀማሪው ከጎበዙ ጋር እኩል እንዲፎካከር ሃንዲካፕ የሚሉት ስሌት አላቸው። እኛ ዘንድ ጉልበቱ በዚህ መንገድ ይስተካከል ነበር። የማዕረጉን ልዩነት የሚያስተካክለው ግን ይሄ ተረት ነው ባይ ነኝ።

ታኅሣሥ 29 መንደር ከመንደር ሲገጥም ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ጥንግ፣ አንዳንድ አገር ሩር የሚሏት፣ እንጨት ናት። ቅልጥም ካገኘች ታስነክሳለች። አንድ ዓመት የሰፈራችንን ባለጸጋ የገዛ እረኛቸው ቅልጥማቸውን መታቸው። ሜዳው ጸጥ አለ። ልጁ ዱላውን ጥሎ ሊሮጥ ሲል ሽማግሌዎቹ «በገና ጨዋታ!» ብለው ጮኹ። ሰውዬው ቅልጥማቸውን እያሹ «አይቆጡም ጌታ» ብለው ጨረሱትና ልጁን «ዱላህን አንሣ» አሉት። ጨዋታው ቀጠለ። በማግስቱም ስለ ካሳ ያነሣ ሰው አልነበረም።

አባባሉ ከግጥሙ ነው የመጣው የሚሉ አሉ። እርግጥ ያሸነፈው ቡድን «አሲና በል አሲና ገናዬ» እያለ የተሸነፈውን ይዘልፋል፤ ባለማዕረጉም አይቀርለትም። ለእኔ ግን ግጥሙ ኋላ የመጣ ነው። አስቀድሞ ይቅርታ የሚያስፈልገው የተመታ ቅልጥም ነው። እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ፣ የገና ጨዋታም የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። ታዲያ ጨዋታው የእረኛ ከሆነ ጌታው እዚያ ሜዳ ላይ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የባለቤቱን ሕግ ያከብራል። ተረቱ እረኛው ለጌታው በር ላይ ያኖረው ሕግ ይመስለኛል፤ «ከገባህ አትቆጣም» የሚል። ማስረጃህ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቃሉ ራሱ ነው። አይቆጣም የተባለው ጌታው ነው። ሎሌው ስድብ ዋጥ ያድርግ የሚል ነገር የለበትም።

ዛሬ ግን አለቃው ለበታቹ፣ ባለሥልጣኑ ለባለጉዳዩ ይተርተዋል። ፌስቡክ ላይማ ሰኔም ይሁን መጋቢት፣ ሰው ዘልፎ ዘልፎ መጨረሻ ላይ ይቺን መለጠፍ ነው። በየትኛው ሜዳ? ማን ከማን ጋር ተመድቦ? ተሰዳቢው ዱላ አልያዘ፣ ተሳዳቢው ቅልጥሙን ለምት አላቀረበ። መሳደብ ያማረው በራሱ አፍ ይሳደብ እንጂ የእረኛውን መከላከያ አይንጠቅ።