ገደብ ከተጣለበት ቀበሌ ከብት መሸጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በፎገራ ሜዳ ወይም በባሕር ዳር ዙሪያ ባለ ቀበሌ ተላላፊ የከብት በሽታ ሲከሰት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ከብት እንዳይወጣና እንዳይገባ ገደብ ይጥላሉ። ገደቡ ለፋሲካ ገበያ ሰንጋ ሲቀልብ የከረመን ገበሬ ክፉኛ ይጎዳል፤ ይሁን እንጂ ገደቡን ለመጣስ የሚቀርቡት ምክንያቶች አብዛኞቹ ከበሽታዎቹ ባሕርይ ጋር አይስማሙም።

«በሬዬ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ብሸጠው ማንንም አልጎዳም።»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እምነት ነው። ማዝ (የአፍና የእግር በሽታ) ከብቱን ከያዘው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ላሟ ለሐጯን ማዝረክረክና ማነከስ ከመጀመሯ በፊትም ቫይረሱ በወተቷ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው በሽታ እስከ 28 ቀናት፣ የከብት ሳንባ በሽታ ደግሞ እስከ 6 ወር ሊደበቁ ይችላሉ። ከሳንባ በሽታ ያገገመ የሚመስል በሬም በሳንባው ውስጥ ተህዋሲው የተደበቀበት፣ በወፍራም ሽፋን የተከበበ የሞተ ሥጋ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውንና ታፋውን ዳስሶ ለሚገዛ ሰው ግን ይህ በሬ እንከን የለሽ ነው። ገደቡ ረዘመ ተብሎ ባለሙያው ሲወቀስ የሚረሳው ይህ ድብቅ ጊዜ ነው።

«ለገበያ ከመውጣቱ በፊት መርፌ ከተወጋ ይበቃል።»

ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መርፌ ቫይረስን አይገድልም፤ ማዝም ሆነ የቆዳ እባጭ በሽታ የሚመጡት ደግሞ በቫይረስ ነው። መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይም፣ እንደ ዓይነቱ እስከ 28 ቀናት ድረስ ከብቱ መታረድ የለበትም። ክትባትም ቢሆን በዕለቱ አይሠራም፤ የማዝ ቫይረስ 7 ዓይነት ስለሆነ ለአንዱ የተሰጠ ክትባት ከሌላው አይከላከልም።

«ሌሊት በጓሮ መንገድ ብነዳው ከማንም ከብት ጋር አይነካካም።»

ማዝ በጫማ፣ በመኪና ጎማና በጋራ ውኃ መጠጫ ይሄዳል፤ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር የሚነዳ ከብት ደግሞ የብዙ መንደር ውኃ ይጠጣል። የቆዳ እባጭ በሽታን በዋናነት የሚያዛምቱት ደም መጣጭ ነፍሳት ናቸው። በሽታው በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ ስለነበር፣ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም።

«ማዝ የያዘው ከብት ሥጋ ሰውን ይገድላል።»

አይገድልም፤ ገደቡ የሚጣለው ለጎረቤት ከብት ነው። አባ ሰንጋ ግን ሰውንም ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ የተለየ ነው። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፤ ተህዋሲው በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያልና።

«ገደብ ካለ ምንም ሽያጭ የለም።»

እንደ በሽታው ዓይነት፣ ተመርምሮ የጽሑፍ ፈቃድ የተሰጠው ከብት ገበያ ሳይረግጥ በመኪና በቀጥታ ወደ ቄራ እንዲሄድ ሊፈቀድ ይችላል። ስለዚህ ደላላ ከመጥራት በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይቀድማል።

«ከተናገርኩ መንጋዬን ይፈጁብኛል።»

በአገራችን ለማዝ መንጋ መፍጀት የተለመደ አሠራር አይደለም። ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ለላቦራቶሪ ምርመራ የሚመረጠው ናሙና ምላስ ላይ ውኃ ከቋጠረ ወይም ገና ከፈነዳ ቁስል የሚወሰደው ነው፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን የትኛው የቫይረስ ዓይነት እንደገባ፣ የትኛው ክትባት እንደሚያስፈልግም ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።