ፔሮቭስካይት ናኖክሪስታል፦ ብርሃኑን የሚያቆይለት ሊጋንድ

ፔሮቭስካይት (የአንድ ዓይነት ክሪስታል አወቃቀር ስም ነው) ናኖክሪስታል 10 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው። በብዛት የሚጠናው ከሲዚየም፣ ከእርሳስና ከብሮሚን የሚሠራው ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍበት ቦግ ያለ አረንጓዴ ይሰጣል። ብሮሚኑ በአዮዲን ሲተካ ወደ ቀይ፣ በክሎሪን ሲተካ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የስክሪን ሠሪዎችን ዓይን የሳበው ይኼው ነው። ዘርፉ የተሟሟቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ከወጣው የማክሲም ኮቫሌንኮ ቡድን ሥራ በኋላ ነው።

ችግሩ ጠባዩ ነው። ቅንጣቱ በመሠረቱ ጨው ነው፤ ውሃ ያበላሸዋል። ገጹ ካልተሸፈነ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ብርሃኑም ይደክማል። ሸፋኙ ሊጋንድ ይባላል። ከአቃቂ እስከ ቂሊንጦ፣ አዲስ አበባ ዳር ጋቢ በእንዶድ ያጠበ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እንዶድ በአንድ ጎኑ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል። ሊጋንድም በአንድ ጫፉ ክሪስታሉን ይዞ፣ ረጅም ጭራውን ቅንጣቱ ወዳለበት ፈሳሽ ይዘረጋል።

የተለመዱት ኦሌይክ አሲድና ኦሌይላሚን ናቸው። የመጀመሪያው እንግዳ አይደለም፤ ቱሉ ዲምቱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው የሰሊጥ ዘይት አንዱ ዋና ክፍል ነው። ግን ሁለቱም አያያዛቸው ላላ ያለ ነው። ፕሮቶን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የሃይድሮጅን እምብርት) ይቀባበላሉ፤ አንዴ ይለጠፋሉ፣ አንዴ ይላቀቃሉ። ጉዱ የሚወጣው ክሪስታሉ ሲታጠብ ነው። ትርፉን ቅባት ለማስወገድ አሴቶን ይጨመርና በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ይሽከረከራል። ትርፉ ሲወጣ ሊጋንዱም አብሮ ይሄዳል። ደጋግመው ካጠቡት አረንጓዴው ይፈዝና ከታች ዝቃጭ ይቀራል። አለማጠብም አያዋጣም፤ ትርፍ ቅባት ያለበት ክሪስታል ለመሣሪያ አይሆንም። በእኔ እይታ የሙያው ትልቁ ፈተና እዚህች ላይ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ፈለጉ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅን በአንድ ሞለኪውል የያዘው ዓይነት ፕሮቶን መቀባበል ውስጥ አይገባም፤ እጥበትንም በደንብ ይችላል። ከአኩሪ አተር የሚወጣው ሌሲቲን ከዚሁ ወገን ነው።

ረጅም ጭራ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የብርሃን ቀለም ለመቀየር ብቻ ለተዘረጋ ፊልም (ስስ የናኖክሪስታል ሽፋን) ችግር የለውም፤ ለኤልኢዲ ግን አጭሩ ይመረጣል። ክረምቱም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቂሊንጦም ሆነ ሰበታ አየሩ ይረጥባል፤ ሊጋንድ ብቻውን አይወጣውም። ፊልሙ በፖሊመር ወይም በመስታወት መታሸግ አለበት። ይህ ደግሞ መርዛማው እርሳስ እንዳያመልጥም ያግዛል።